ከፒያሳ በ120 ብር የገዛሁት ዳይስ፣ ከ1,200 ውርወራ በኋላ

መጀመሪያ ዋጋውን ልንገራችሁና እንገላገል። አምስት ዳይስ በትንሽ ላስቲክ ታሽገው 120 ብር። ደሴ ፒያሳ ካለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነው የገዛሁት። ሱቁን በስም አልጠራውም፣ ምክንያቱም ከታች እወቅሰዋለሁ፣ ባለቤቱ ደግሞ ደግ ሰው ነው። ሁለት ነጭ፣ ሁለት ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ። ላስቲኩ ላይ የፋብሪካ ስም የለም፣ የተሠራበት አገር የለም፣ ምንም የለም።

ዳይስ ምን ያደርግልሃል ለምትሉኝ፣ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነው። የሒሳብ መምህሩ ዳይስ 60 ጊዜ ወርውራችሁ ያገኛችሁትን በስሌት ከሚገኘው ጋር አወዳድሩ ብሎ የቤት ሥራ ሰጣቸው። የድሮው የሉዶ ዳይሳችን ሶፋ ሥር ከገባ ዓመት አልፎታል (እዚያ የገባ ነገር አይመለስም)። ስለዚህ ሄጄ ገዛሁ። ሻጩን "ትክክለኛ ነው ወይ?" ብዬ ስጠይቀው "አብሽር ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው" አለኝ። የምን ኦርጅናል እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ነገሩ በ60 ውርወራ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ዕቃው ምን ይመስላል? ጎኑ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ በልጄ ማስመሪያ ለክቼዋለሁ። ቀለል ያለ ፕላስቲክ ነው። ጠርዙ ክብ ስለሆነ ይንከባለላል፣ ይንከባለላል፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ለቆ ይሄዳል። ነጥቦቹ ትንንሽ ጉድጓድ ሆነው ቀለም ተቀብተዋል፣ የቀዮቹ ቀለም በሁለተኛው ቀን መላላጥ ጀመረ። የደህና ዳይስ ተቃራኒ ጎኖች ሲደመሩ 7 ይሆናሉ፣ 1 ከ6፣ 2 ከ5፣ 3 ከ4 ጀርባ ለጀርባ። አምስቱንም እያገላበጥኩ አየሁና ትክክል ናቸው ብዬ አለፍኩ። ችኮላዬ ኋላ አሳፍሮኛል።

ልጄ ለቤት ሥራው አረንጓዴውን መረጠ፣ ቀለሙ ደስ ስላለው። እሱ ሲወረውር እኔ ዜና እያየሁ ነበር። ጨርሶ ወረቀቱን አመጣልኝ። 1 ዘጠኝ ጊዜ፣ 2 አሥራ አንድ፣ 3 ስምንት፣ 4 ሃያ ሁለት፣ 6 አሥር። 5 ዜሮ። ዜሮ! በስሌት እያንዳንዱ ቁጥር ከ60 ውስጥ 10 ጊዜ አካባቢ መምጣት አለበት። አንድ ጤነኛ ዳይስ 60 ጊዜ ተወርውሮ 5 የሚባል ነገር ጭራሽ ያለመምጣቱ ዕድል ከ56,000 አንዴ ገደማ ነው። "ከራስህ ፈጥረህ ነው የጻፍከው አይደል?" ብዬ ተቆጣሁት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ዳይሱን ወደ መስኮቱ ይዤ ሄድኩ። 5 ላይ የመሃሏ ጉድጓድ ቀለም አልተቀባችም። በጣት ስትዳስሰው አለች፣ በዓይን ግን 4 ነው የሚመስለው። ማለትም ዳይሱ ሁለት 4 አለው፣ 5 የለውም። ስሌቱን እንደዚያ ብትሠሩት 4 የሚጠበቀው 20 ጊዜ ነው፣ ልጄ ያገኘው 22። ልጁ እውነቱን ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ በሁለት ሳምቡሳ።

ለነገሩ ከዚህ በኋላ ነው ጉዳዩ የያዘኝ። በስሌት መንገድ ዳይሱን መንካት እንኳ አያስፈልግም እኮ። ስድስት ጎን አለው፣ ሁሉም እኩል ዕድል አላቸው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ከ6 አንድ፣ በመቶኛ 16.67። አለቀ። መማሪያ መጽሐፉ ይህን ቲዎሬቲካል ፕሮባብሊቲ ይለዋል። ግን ሥራውን ሁሉ የምትሠራው "ሁሉም እኩል ዕድል አላቸው" የምትለዋ ናት። ለእሷ ዋስ የሆነኝ ማነው? ያ ስም የለሽ ላስቲክ። ስለዚህ ከነጮቹ አንዱን፣ ከቀዮቹም አንዱን በደንብ እንፈትናቸው ተባባልን።

የመጀመሪያው ችግር መወርወሪያው ነበር። ሰፌድ ላይ ሞከርን፣ ዳይሱ ስፌቱ ውስጥ ተሸጉጦ በጠርዙ ይቆማል። ትሪ ላይ ሞከርን፣ ጩኸቱ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። በመጨረሻ የብስኩት ካርቶን ቆርጠን ውስጡን አሮጌ ጋቢ አነጠፍንበት። ሕግም አወጣን፦ በእጅ መልቀቅ ክልክል ነው፣ በጣሳ ተንጦ ይወረወራል፣ የካርቶኑን ግድግዳ ካልነካ አይቆጠርም። ልጄ ቀስ አድርጎ መጣል ይችልበታል፣ ሉዶ ላይ አይቼዋለሁና።

ሁለተኛው ችግር እናቴ ናት። ዳይስና ጣሳ አንድ ላይ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። "ቁማር እዚህ ቤት አይገባም!" አለች። ትምህርት ነው ብላት አላመነችኝም። የልጅ ልጇ ደብተሩን ሲያሳያት ግን ለዘብ አለች፣ ለእሱ ሲሆን ነገር ሁሉ ይቀላል።

እያንዳንዱን 30 ጊዜ ወረወርን። ነጩ 6ን ዘጠኝ ጊዜ አመጣ። ቀዩ ሦስት ጊዜ ብቻ። ከ30 ውስጥ የሚጠበቀው 5 ነው። ልጄ ወዲያው ፈረደ፣ ነጩ ሌባ ነው፣ ቀዩ ትክክለኛ ነው አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በልቤ ተስማምቼ ነበር። ሉዶ ላይ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲሸነፍ "ዳይሱ ተንኮል አለው" የማይል ሰው አለ እንዴ?

ስሌቱ ግን እንዲህ ይላል። ጤነኛ ዳይስ 30 ጊዜ ስትወረውር 6 ልክ 5 ጊዜ የመውጣት ዕድሉ 19% ብቻ ነው። ከአምስት ሰው አራቱ 5 አያገኙም ማለት ነው። 9 ወይም ከዚያ በላይ የመምጣቱ ዕድል ደግሞ 5% ገደማ ነው። ከሃያ ተማሪ አንዱ ምንም ነውር በሌለው ዳይስ እንዲህ ያለ ውጤት ይዞ ክፍል ይገባል። 40 እና 50 ተማሪ ባለበት ክፍል ደግሞ ሁለት ሦስት ልጅ መሆኑ ነው። መምህራን ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው፣ "ተሳስተሃል፣ ድገም" ከማለታቸው በፊት።

ስለዚህ ወደ 600 ሄድን። እያንዳንዳቸው 600፣ በድምሩ 1,200። በደቂቃ 8 ውርወራ ገደማ ነው የሚቻለው እየጻፉ፣ ስለዚህ ሦስት ማታ ፈጀብን። ክረምት ላይ ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍን ከቤት መውጣት አያሰኝም፣ ሌላ ሥራም አልነበረንም። ሁለተኛው ቀን መብራት ሄደና በሻማ ቀጠልን። እናቴ ቡና እያፈላች፣ 6 በወጣ ቁጥር አንዲት ሽምብራ ባዶ ስኒ ውስጥ ትጥላለች። የቆጠራው ተቆጣጣሪ እሷ ሆነች። አንድ ማታ ልጄ አንድ 6 ሊዘል ሲል "ሽምብራዬ ጎድሏል" ብላ አስደገመችን።

ነጩ በ600 ውርወራ፦ 1 መጣ 94 ጊዜ፣ 2 መጣ 107፣ 3 መጣ 98፣ 4 መጣ 103፣ 5 መጣ 91፣ 6 መጣ 107። የሚጠበቀው ለእያንዳንዱ 100 ነው። ያ "ሌባ" የተባለው ዳይስ ይኸው ነው። የ6 ድርሻ በ30 ውርወራ 30% ነበር፣ በ600 ላይ 17.8% ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። ልጄ መጀመሪያ ላይ "6 ብዙ ስለመጣች አሁን ትቀራለች፣ ዕዳ አለባት" ይል ነበር። ዕዳውን ከፈለች ወይ? ቁጥሩን አየነው። ከ30 በኋላ ባሉት 570 ውርወራዎች 6 የመጣችው 98 ጊዜ ነው፣ የሚጠበቀው 95። ዕዳ የለም፣ እንዲያውም ጨመረች። በቁጥር ካያችሁት ልዩነቱ ሰፍቷል፣ መጀመሪያ በ4 ትበልጥ ነበር፣ መጨረሻ ላይ በ7። የጠበበው ድርሻው ነው፣ 7 ለ600 ሲካፈል ምንም አይደለማ። ዳይሱ ያለፈውን አያስታውስም፣ እኛ ነን የምናስታውሰው።

ጆን ኬሪች የሚባል የሒሳብ ሰው ነበር፣ ደቡብ አፍሪካ ያስተምር የነበረ። በ1940 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ጀርመን ዴንማርክን ስትወር እዚያው ተይዞ ታሰረ። እስር ቤት ምን ይሠራል? ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወረወረ። በእኛ ቋንቋ ዘውድና ጎፈር መሆኑ ነው። ዘውዱ የመጣው 5,067 ጊዜ ነው። ከግማሹ በ67 ይበልጣል፣ በመቶኛ ግን 50.67 ነው። እኔ በሦስት ማታ የተማረርኩት ሰውዬ አፈርኩ።

አሁን ቀዩ። 1 መጣ 71 ጊዜ፣ 2 መጣ 104፣ 3 መጣ 96፣ 4 መጣ 99፣ 5 መጣ 101፣ 6 መጣ 129። "ትክክለኛ" ብለን ያጨበጨብንለት ቀዩ!

129 ብዙ ነው ወይ? ጤነኛ ዳይስ 600 ጊዜ ሲወረወር አንድ ቁጥር ከ82 እስከ 118 ቢመጣ አልደነግጥም። 129 እና 71 ግን ሁለቱም ከዚያ ውጭ ናቸው። በአንድ ቁጥር ብቻ ላለመፍረድ ካይ ስኩዌር የሚባለውን ሠራሁ፣ ስድስቱም ጎኖች በአንድነት ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቁ የሚለካ ስሌት ነው፣ ስሙ ያስፈራል እንጂ ቀላል ነው። በየጎኑ ያገኛችሁትን ከሚጠበቀው ትቀንሳላችሁ፣ ውጤቱን በራሱ ታባዛላችሁ፣ ለሚጠበቀው ታካፍላላችሁ፣ ስድስቱንም ትደምራላችሁ። ጤነኛ ዳይስ ከ11.07 በላይ የሚሄደው ከመቶ 5 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ነጩ 2.28 አመጣ። ቀዩ 17.16።

ምክንያቱን ለማወቅ የጨው ፈተና አደረግን። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨው እስኪበቃው መጨመር ነው፣ ተጨማሪው አልሟሟ ብሎ ታች እስኪቀር ድረስ። የአፍዴራ ጨው ነው የተጠቀምኩት፣ እናቴ አባካኝ እያለችኝ። ቀላል ፕላስቲክ እዚያ ላይ ይንሳፈፋል። ነጩን በጣቴ እየገፋሁ አሥር ጊዜ ስለቀው የተለያየ ጎኑን እያሳየኝ ይወጣል። ቀዩ ግን ከአሥሩ ዘጠኙን 6ን ወደ ላይ አድርጎ ወጣ። በ6 በኩል ውስጡ አየር ሳይቀርበት አይቀርም። ያ በኩል ቀለለ፣ የ1 በኩል ከበደ፣ ከባዱ ወደ ታች ይፈልጋል። ለዚህ ነው 6 የበዛው፣ ለዚህም ነው 1 ያነሰው። ይህችን ሳይ ደስ ያለኝን ደስታ ለማስረዳት ይቸግረኛል። በካርቶንና በሽምብራ ያገኘነውን ብርጭቆው ደገመልን።

ደህና የሚባል ዳይስም ከዚህ ነፃ አይደለም። እንግሊዛዊው የባዮሎጂ ሊቅ ራፋኤል ዌልደን በ1894 አሥራ ሁለት ዳይስ 26,306 ጊዜ ወርውሮ ነበር። 5 ወይም 6 በስሌት 33.33% መሆን ሲገባቸው 33.77% መጡ። ልዩነቱ ለዓይን አይሞላም፣ ግን ውርወራው ያን ያህል ሲበዛ በአጋጣሚ ነው ማለት አይቻልም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የነጥቦቹ ጉድጓድ ነው፣ 6 ስድስት ጉድጓድ ስላለው ይቀልላል፣ 1 አንድ ብቻ ነው ያለው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ካርል ፒርሰን በ1900 ያን ካይ ስኩዌር ሲያወጣ የዌልደንን ቁጥሮች ተጠቅሟል። በቁማር ቤት ዳይሶች ላይ ጉድጓዱን እንደ ዳይሱ በሚመዝን ነገር ይሞሉታል፣ ጠርዙንም ሹል ያደርጉታል። በእኔ ቀይ ላይ 5 እና 6 ተደምረው 38.3% ናቸው። ዌልደን ቢያየው ይስቅ ነበር።

ለጨዋታ ምን ለውጥ ያመጣል ካላችሁ፣ ያመጣል። "በአራት ውርወራ ቢያንስ አንድ 6 አመጣለሁ" ብሎ መወራረድ አሮጌ ነገር ነው፣ ፈረንሳዮቹ የሒሳብ ሊቆች ፓስካልና ፌርማ በ1654 የተጻጻፉት እንዲህ ባሉ የዳይስ ክርክሮች ላይ ነበር። በጤነኛ ዳይስ የማሸነፍ ዕድላችሁ 51.8% ነው፣ ከግማሽ ትንሽ ፈቅ ያለ። በእኔ ቀይ 62% ይሆናል። ቡና ጋባዡ ሁልጊዜ ማን እንደሚሆን አስቡት። ሉዶ ላይም እንዲሁ፣ ለመውጣት 6 ስትጠብቁ በጤነኛ ዳይስ አሥር ጊዜ ወርውራችሁ አንድም 6 ያለማግኘት ዕድላችሁ 16% ነው፣ በቀዩ 9%። (አሥር ጊዜ ወርውሮ ያልወጣ ሰው ዕድለ ቢስ ነኝ ብሎ አያልቅስ፣ ከስድስት ሰው አንዱ ላይ ይደርሳል።)

ልጄ በመሃል "አባ፣ በስልክ ብናደርገው አይሻልም?" ብሎኝ ነበር። አደረግነው። 6,000 ውርወራ በአንድ ብልጭታ፣ ሁሉም ከ965 እስከ 1,031 ውስጥ። ያምራል። ግን ስልኩ የወረወረው ስሌቱን ራሱን ነው፣ ውስጡ አየር የቀረበት ፕላስቲክ የለውም፣ ቀለም የረሳ ሠራተኛም የለውም። ለማፍጠን ጥሩ ነው፣ ሌላ ጥቅም አላየሁበትም።

ኮምቦልቻ ያለች እህቴ ጋ ስሄድ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ አንድ አናጢ በ80 ብር ከእንጨት የቀረጸውን አንድ ትልቅ ዳይስ ገዛሁ። መልኩ ያምራል፣ እጅ ይሞላል። 120 ጊዜ ብቻ ስለወረወርኩት አልፈርድበትም። ሙቀቱ ጨክኖብኝ ተውኩት።

ነጥብ ልስጥ እንግዲህ። ለሉዶ የምትገዙት ከሆነ ከ5 ሁለት ኮከብ፣ ሁለቱም ለፈተንነው ነጭ ናቸው። ከፈለጋችሁት ላስቲኩን እዚያው ሱቅ ውስጥ ከፍታችሁ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ የመሃሏን በተለይ። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ካላችሁ ግን አምስት ኮከብ። ጤነኛ ዳይስ ብገዛ ልጄ 60 ጊዜ ወርውሮ፣ "ይቀራረባል" ብሎ ጽፎ፣ ይተኛ ነበር።

አረንጓዴውንና ቀዩን ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሰውየው ታሪኩን ሰምቶ "ወንድሜ፣ ሥራ የለህም እንዴ?" አለኝ። ከዚያ ሳቀና አረንጓዴውን ያለምንም ክርክር ቀየረልኝ። ቀዩን ሳሳየው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ይሄን አትጣለው፣ እኔ እወስደዋለሁ፣ ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ሉዶ እንጫወታለን" አለ። አልሰጠሁትም፣ የልጄ ደብተር ማስረጃው እሱ ነው። ሁለተኛው ቀይ ገና አልተፈተነም። እናቴም ሽምብራውን አልቆላችውም፣ በስኒው አስቀምጣዋለች።